ለራሱ ያወጣው ስም

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017

ከፋሲካ በኋላ ክፍሉ ገና አልሞላም። አንዳንዱ ተማሪ ከአገር ቤት አልተመለሰም፤ የመጣውም ቢሆን ልቡ ገና በዓሉ ላይ ነው። ለዛሬ ያዘጋጀሁትን ሰዋስው ትቼ ስለ ስም እንድንጨዋወት አደረግሁ። ትምህርት ቤታችን ከሳር ቤት ብዙም አይርቅም፤ ተማሪዎቼ ጠዋትና ማታ የታክሲ ረዳቶች «ፑሽኪን! ፑሽኪን!» ሲሉ እየሰሙ ነው የሚመላለሱት። ፑሽኪን ማነው ብዬ ብጠይቅ ብዙ እጅ ወጣ። አንዱ «የራሺያ ገጣሚ ነው፤ ግን ኢትዮጵያዊ ነው» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ቀበል አድርጋ «ኢትዮጵያዊ ከሆነ ስሙ ለምን የኛ ስም አልሆነም?» አለችው።

ደስ አለኝ። ብዙ ሰው የሚያልፈውን ነገር ነው የያዘችው። ፑሽኪን የአባቱ ወገን ስም ነው፤ የድሮ የሩስያ መኳንንት ቤተሰብ መጠሪያ። ከአፍሪካ ጋር የሚያገናኘው የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው፤ እሱም ጋኒባል ይባላል። እናቱ ናዴዥዳ ኦሲፖቭና ጋኒባል፣ የእናቱ አባት ኦሲፕ ጋኒባል፣ የኦሲፕ አባት አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል። ከአብራም ወደ ላይ ግን ጋኒባል የሚባል ሰው የለም። ስሙ በእሱ ይጀምራል፤ እሱ ደግሞ በልጅነቱ ተሽጦ የመጣ ነው።

«ታዲያ ስሙን ማን አወጣለት?» አለችኝ ያችው ልጅ።

«ራሱ» አልኳት። ደወሉ ተደወለ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ማታ ጋሼ ዘንድ ቡና ጠጣሁ። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ኦዴሳ ተምረው መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ። ሩስያኛቸው እስካሁን አልጠፋም። የተማሪዋን ጥያቄ ስነግራቸው የራሳቸውን የተማሪነት ዘመን አነሱ።

«እዚያ እንደደረስን መጀመሪያ የጠየቁን የአባታችንን ስም ነው» አሉኝ። «አስተማሪን፣ ሐኪምን፣ ትልቅ ሰውን በስሙ ብቻ ከጠራሽ ነውር ነው። ስሙን ከነአባቱ ትጠሪያለሽ። ኢቫን የጴጥሮስ ልጅ እንደማለት፣ ኢቫን ፔትሮቪች። እኛ ሀበሾቹ ቶሎ ገባን። ፈረንጅ አገር የሄዱት ጓደኞቻችን ግን በአባታቸው ስም 'ሚስተር' እየተባሉ ሲጠሩ ዞር ብለው አባታቸውን ይፈልጉ ነበር።»

እውነትም ሩስያውያን እስከ ሁለተኛው ስም ድረስ ከኛ ጋር አንድ ናቸው። የሚለዩን በሦስተኛው ነው። የኛ ሦስተኛ አያት ነው፤ በየትውልዱ ይንቀሳቀሳል፣ የዛሬው አያት ነገ ቅድመ አያት ሆኖ ከወረቀቱ ይወጣል። የነሱ ሦስተኛ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ነው።

አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል የሚለውን በዚህ ዓይን ሳነበው አዲስ ሆነብኝ። አብራም ማለት ኢብራሂም ነው፤ ሲመጣ ይዞት የመጣው ስም። ፔትሮቪች ማለት የጴጥሮስ ልጅ ነው፤ ጴጥሮስ ግን ወላጁ ሳይሆን የክርስትና አባቱ፣ ታላቁ የሩስያ ጻር ጴጥሮስ ነው። እኛ አገር «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚመለሰው ስም ከዚህ ሰው ስም ውስጥ የለም። የአባቱ ቦታ በንጉሥ ተሞልቷል። ሦስተኛውን ቦታ፣ ባዶ የነበረውን፣ ራሱ ሞላው።

ጋሼ ቡናቸውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ከባድ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስላላስወጣኝ ቤት ተቀምጬ ስለ ልጅነቱ የማውቀውን አንድ ላይ ለተማሪዎቹ ጻፍኩት። የውጭ ዘመኖቹን ሁሉ እዚህ ማስታወሻ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

የተወለደው በ1696 ገደማ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቁስጥንጥንያ ደረሰ። በ1704 ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለ ለጻሩ የሚያገለግል ሰርቢያዊ ነጋዴ ከዚያ አውጥቶ ወደ ሩስያ ላከው። በዚያን ጊዜ በቁስጥንጥንያ የሩስያ አምባሳደር የነበረው ፒዮትር ቶልስቶይ ነው፤ የደራሲው የሌቭ ቶልስቶይ የዘር አባት። በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ጥቁር ልጅ በአሽከርነት ማቆም የዘመኑ ፋሽን ነበር፤ ልጁ የተፈለገው ለዚህ ነው። በ1705 ቪልኒየስ ውስጥ ተጠመቀ፤ ክርስትና ያነሣውም ጻሩ ራሱ ነው።

ፑሽኪን ስለዚህ ጥምቀት የጻፋት አንዲት ነገር ከሁሉ በላይ ትነካኛለች። ልጁን ጴጥሮስ ብለው ሰየሙት። እሱ ግን አለቀሰ፤ በአዲሱ ስም አልጠራም አለ። ስለዚህ እስኪሞት ድረስ አብራም ተባለ።

በኛ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም ለብቻው ይሰጣል፤ ወልደ ሚካኤል የተባለው ሕፃን እቤቱ ሲመለስ እናቱ ባወጣችለት ስም እየተጠራ ያድጋል። አንዱ ሌላውን አይነጥቅም። ያ ልጅ ግን ከአገሩ፣ ከቤቱ፣ ከቋንቋው የቀረው ያ አንድ ስም ነበር። ሕፃናት የሚያለቅሱት ለእናታቸው ነው፤ እሱ እናቱን የሚያስታውሰውን ድምፅ ይዞ ነው ያለቀሰው። በዚያ ዕድሜው ንጉሥን አሸንፏል።

ቤተሰቡ ሌላም ነገር ያወራ ነበር። ላጋን የምትባል እኅት ነበረችው፤ ሲወስዱት መርከቡን ተከትላ እየዋኘች ርቃ ሄደች። አብራም ሸምግሎ እንኳ ያቺን እኅቱን ይረሳ አልነበረም ይላል ፑሽኪን።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ ባጭሩ ላስቀምጠው። ከጻሩ ጋር አደገ፣ በ1717 ፈረንሳይ ሄደ፣ ጦር ላይ ጭንቅላቱን ቆሰለ፣ ላ ፌር በነበረው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ1723 ተመለሰ፣ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ መጽሐፍ አዘጋጀ። ጴጥሮስ በ1725 ሲሞት ጠላቶቹ ወደ ሳይቤሪያ ሰደዱት። የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ስትነግሥ ግን ዕድሉ ተመለሰ፦ የሬቫል፣ የዛሬዋ ታሊን፣ አዛዥ ሆነ፤ በ1759 ከጄኔራሎቹ ሁሉ የበላይ የሆነውን ማዕርግ አገኘ፤ በ1781 ስዊዳ በተባለው ርስቱ ሞተ።

በወጣትነቱ ወረቀቶች ላይ አብራም ፔትሮቭ ነው፤ አንዳንዴም ጥቁሩ አብራም። ጋኒባል ከጎልማሳነቱ ጋር የመጣ ስም ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

የልደታ ቀን። በሰፈራችን ደጅ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተቆርሶ ቡና ጠጣን። የልደታ ድግስ ወደ ቤት አይገባም፤ እዚያው ደጅ ላይ ተበልቶ ያልቃል። ልጆች የንፍሮውን ሽንብራ ከስንዴው እየለዩ ሲበሉ እናቶቻቸው ይቆጣሉ።

ጸሎቱን ያደረሱት እትዬ «የሐና ማሕፀን የተባረከች ናት» ሲሉ የጋኒባል ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳልናገር ማለፍም አልቻልኩም። ጋኒባል ሩስያውያን የሐኒባልን ስም የሚጽፉበት መንገድ ነው። ሐኒባል የካርታጎ ጦር አዛዥ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዝሆኖቹን አስከትሎ የአልፕስን ተራሮች የተሻገረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ካናይ ላይ የሮምን ጦር የደመሰሰ። ካርታጎ የዛሬዋ ቱኒዝያ ውስጥ ናት። ሕዝቧ የሚናገረው ቋንቋ ከዕብራይስጥ ጋር እጅግ የቀረበ ነበር፤ ስለዚህ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ሐና ከሚለው ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ ጸጋ ማለት ነው። ዮሐንስም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ሁለተኛው ክፍል በኣል ነው።

«በኣል? ኤልያስ የተዋጋው በኣል?» አሉኝ እትዬ ንፍሮውን እጃቸው ላይ ይዘው።

«አዎ እትዬ። የበኣል ጸጋ ማለት ነው።»

«እና ይኼ የተጠመቀ ልጅ ይህን ስም ለራሱ ያወጣል?» ብለው አማተቡ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አሉ።

አብራም የስሙን ትርጉም ብሎ አይመስለኝም የመረጠው። ለሱ ሐኒባል ማለት ከአፍሪካ ተነሥቶ አውሮፓን ያንቀጠቀጠ ወታደር ነው። በፈረንሳይ የመድፍ ትምህርት ቤት ውስጥ የጥንት ጦርነቶችን ሳይማር አልቀረም። በዙሪያው ያሉት መኮንኖች ሁሉ የአያት የቅድመ አያት ስም አላቸው፤ የሱ ቀለም ብቻ ነው የሚታየው። ቀለሙን ክብር የሚያደርግ አንድ ስም በታሪክ ውስጥ ፈልጎ አገኘ። ሰው «ጥቁሩ» እያለ የሚጠራው እሱ፣ እንግዲያው አፍሪካዊ ጄኔራል ብላችሁ ጥሩኝ ማለቱ ነው። ከዚያም ጄኔራል ሆነ።

ስለ መልአኩ ለእትዬ መልስ አልሰጠሁም። ለተሸጡ ሕፃናት ስም የሚያወጣው ነጋዴ ነው፤ ለዚህ ልጅ ጻር ሞከረ፣ እሱ ግን እምቢ አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ክፍል ውስጥ የአብራምን ሦስተኛ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፉ አልኳቸው። አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዲቷ በጋ ጻፈች። የጋ ምክንያት ቀላል ነው፤ ሩስያኛ እንደኛ የሀ ድምፅ ስለሌለው ከውጭ የገባውን በግ ይተካዋል። ሼክስፒር የጻፈው ሐምሌት እዚያ ጋምሌት ነው። ዛሬ ጋኒባል ተብሎ የሚጠራ ሰው ብታገኙ፣ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በሩስያ በኩል እንዳለፈ ይነግራችኋል አልኳቸው። ወደዱት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዛሬ ከጋሼ ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረንም።

ነገሩ የመጣው ሰውዬው ከየት ነው ከሚለው ጥያቄ ነው። አብራም ራሱ በ1742 የመኳንንት ማዕርግ እንዲጸናለት ለንግሥት ኤልሳቤጥ ሲያመለክት የጻፈው አለ፦ ከአፍሪካ ነኝ፣ ከከበረ ቤተሰብ ነኝ፣ አባቴ በሚገዛት ላጎን በምትባል ከተማ ተወለድኩ። አገሩን አልጠቀሰም። ማኅተሙ ላይ ዝሆን አለ፤ ከዝሆኑ ጋር ደግሞ አምስት የላቲን ፊደላት፦ ኤፍ፣ ቪ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኦ። አንዳንዶች «ዕድል ሕይወቴን ፈጽማ ለወጠችው» የሚል የላቲን ዓረፍተ ነገር ምሕጻር ነው ይላሉ፤ ሌሎች ከአፍሪካ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሲጠየቅ የሰጠው ቃል አፍሪካ እና ላጎን ነው።

አቢሲኒያ የሚለው የመጣው በኋላ ነው። ከሞተ በኋላ የልጁ ባል አዶልፍ ሮትኪርክ በጀርመንኛ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ የአቢሲኒያ ሰው አደረገው። ፑሽኪን ያ ጽሑፍ ደርሶት ተጠቅሞበታል። በ1899፣ ፑሽኪን የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ የሩስያ የሰው ዘር አጥኚ ነገሩን ወደ ሳይንስ አመጣው፤ ላጎን ማለት ከመረብ ማዶ ሐማሴን ውስጥ ያለ ሎጎ የተባለ ቦታ ነው አለ። እኛ አገር ስለ ፑሽኪን የሚነገረው አብዛኛው ከዚህ ነው የሚቀዳው። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ሐውልት የቆመለት፣ በ2009 አስመራም የራሷን ያቆመችው በዚሁ መሠረት ነው።

ይህን ሁሉ ጋሼ ያውቃሉ። የማይወዱት ቀጥሎ ያልኩትን ነው። አኑቺን ሐማሴንን የመረጠው የቦታ ስም ስለተመሳሰለለት ብቻ አልነበረም። እንደ ዘመኑ ሊቃውንት ሰውን በራስ ቅልና በቀለም ደረጃ የሚያወጣ ነበር። ለሱ የሩስያ ታላቁ ባለቅኔ የ«ኔግሮ» ዘር ሊሆን አይችልም፤ አቢሲኒያዊ ግን «ሐማዊ» ነው፣ ለነጭ የቀረበ ነው፣ ስለዚህ ይሆናል። ፑሽኪንን ለኛ የሰጠን ክርክር ከውስጡ ይህ አለበት። ሌላውን አፍሪካዊ አሳንሶ ነው እኛን ያከበረን።

«ታዲያ የኛ አይደለም ልትይ ነው?» አሉኝ ጋሼ ስኒያቸውን ቁጭ አድርገው።

«ቢሆን ደስ ይለኛል ጋሼ። በዚህ መንገድ ተሰጥቶን ግን አልቀበልም።»

በ1996 ዲዮዶኔ ኛማንኩ የተባለ ከቤኒን የመጣ ተመራማሪ ፓሪስ ላይ ስለ አብራም መጽሐፍ አሳተመ። ላጎን ሎጎን ነው ይላል፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ ዛሬ በሰሜን ካሜሩን የምትገኘው ሎጎን ቢርኒ፣ የኮቶኮ ሱልጣኖች ከተማ። ከዚያ በበረሃ ተነድቶ ትሪፖሊ፣ ከትሪፖሊ በባሕር ቁስጥንጥንያ። ከተማዋ በእርግጥ አለች፤ ስሟ አብራም ከጻፈው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የእስላም ገዥ ልጅ ኢብራሂም መባሉም የሚጠበቅ ነው። ቭላድሚር ናቦኮቭ በ1964 የፑሽኪንን ኦኔጊን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ሲያወጣ ስለዚህ ሰው ረጅም አባሪ ጽፎ፣ በየጊዜው የተነገረውን አንድ በአንድ መርምሮ ነበር፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ የሚለውንም በግምት ጠቅሶ አልፎታል። እኔ ሚዛኔ ወደ ካሜሩኑ ያደላል።

ጋሼ ሲሟገቱኝ ቆዩ። ሮትኪርክ በቤተሰቡ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፣ ከአማቱ አፍ ሰምቶ ይሆናል አሉ። ይህ ክብደት አለው፤ እኔም አልካድኳቸውም። ብቻ ያን ጊዜ በአውሮፓ አቢሲኒያ የሚለው ስም ምን ያህል የተወደደ እንደነበር ነገርኳቸው፦ የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ አገር፣ የክርስቲያን ነገሥታት አገር። መኳንንት መካከል ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ከየት መጣችሁ ሲባል የሚመርጠው መልስ ነው።

ጋኒባል የሚለው ስም ግን አይመርጥም። አብራም አቢሲኒያዊ ወይም ኮቶኮ የሚያሰኝ ስም መያዝ ሲችል የያዘው ለአፍሪካ ሁሉ የሚሆን ስም ነው።

ጋሼ ሲሸኙኝ በሩ ላይ «ክርክራችን አላለቀም» አሉኝ። አላለቀም።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ይህን ለተማሪዎቼ ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ ሰነበትኩ። ዛሬ ነገርኳቸው።

አብራም በ1731 ኢቭዶኪያ ዲዮፐር የምትባል የግሪክ መኮንን ልጅ አገባ። ልጅቷ አልፈልግም ብላ ነበር፤ አባቷ ሰጣት። ነጣ ያለች ሴት ልጅ ስትወለድ ማገጠች ብሎ ከሰሳት። ይመታትና ያሠቃያት እንደነበር ከእሷ ቃል ተመዝግቧል። ለዓመታት ታስራ ኖረች። ፍቺው በሕግ ሳይፈጸም በ1736 ክርስቲና ሬጊና የምትባል ሌላ ሴት አገባ፤ ፍርዱ ያለቀው በ1753 ነው፣ ኢቭዶኪያም ወደ ገዳም ተላከች።

አንድ ልጅ «እሱ ራሱ ተሽጦ አይደል እንዴ? እንዴት ሰው ያስራል?» አለኝ። በጣም ተቆጥቶ ነበር። ሌላዋ «ከንጉሥ ነዋ የተማረው» አለችው። የርስቶቹን ገባሮች ጉዳይ አክዬ ነገርኳቸው፤ ኤልሳቤጥ የሰጠችው መሬት ከነነፍሱ ነበር፣ ከነባሪያ ገበሬዎቹ። በዚያ መሬት ላይ ሚኻይሎቭስኮዬ የተባለው ቤት ነው ከ1824 እስከ 1826 ፑሽኪን ተግዞ የተቀመጠበትና ቦሪስ ጎዱኖቭን የጻፈበት።

የሰውየውን ስም ስናከብር ኢቭዶኪያንም አብረን እንጥራ ብዬ ሰሌዳው ላይ ከጎኑ ጻፍኳት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ፈተና እያረምኩ የስም ዝርዝሩን ሳገላብጥ፣ የተማሪዎቼን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ብቆጥረው ምን እንደሚሆን አሰብኩ። አይሆንም። ተስፋዬ የሚባሉ አባቶች ያሏቸው ልጆች ዝምድና የላቸውም፤ አባቶቻቸው ወንድማማቾች የሆኑ ልጆች ደግሞ ሦስተኛው ስም ካልተጻፈ በወረቀት አይገናኙም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በለመደው ቀጠለ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ብርቅ የሆነ የሰው ስም እንጂ ብርቅ የሆነ የቤተሰብ ስም የለም ማለት ይቻላል። ውጭ አገር የሄደ ወገናችን ልጅ ሲወልድ ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ የአንድ ገበሬ አያት ስም በድንገት ይቆምና ለሚቀጥሉት ትውልዶች ሁሉ መጠሪያ ይሆናል። ቶሮንቶ የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ እንዲህ ነው የአያቱን ስም ለዓለም ያሰማው።

ጋኒባልም እንዲያው ከአንድ ሰው የፈለቀ ስም ነው፤ ለዚህ ነው ብርቅ የሆነው። ከብዙ ቤት የመነጨ ስም በየአውራጃው ይበዛል፤ ከአንድ ሰው የመነጨ ስም ወንዶች ልጆቹን ተከትሎ ብቻ ይሄዳል። የበኩር ልጁ ኢቫን በ1770 ናቫሪኖ ላይ የቱርክን ምሽግ የያዘ መኮንን ነበር፤ በ1778 የኬርሶንን ከተማ ግንባታ የመራውም እሱ ነው፣ ዛሬ ስሟ በጦርነት ዜና ብቻ የሚሰማውን ኬርሶንን። ኢቫን ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይተው በ1801 ሞተ። ኦሲፕ ሴት ልጅ ወለደ፤ ናዴዥዳ ፑሽኪን ስታገባ ስሙ ከዚያ ቅርንጫፍ ላይ ተቆረጠ።

ደሙ ግን አልተቆረጠም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። የፑሽኪን ታናሽ ሴት ልጅ ናታሊያ የናሳውን ልዑል አገባች። የልጅ ልጇ ናዴዥዳ ሚልፎርድ ሄቨን ወደተባለው የማውንትባተን ቤት ገባች። የአበርኮርንና የዌስትሚንስተር መስፍን ሚስቶች የነበሩት እኅትማማቾችም ከዚያው ዘር ናቸው። ሁሉም የቁስጥንጥንያው ልጅ የልጅ ልጆች ናቸው፤ አንዳቸውም ጋኒባል አይባሉም። ሴቶች በያዙት መንገድ የሄደ ዘር ስሙን በየደረሰበት እየጣለ ይሄዳል። እኛ ጋ ሴት ባል ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ ልጇ ግን እሷን በስሙ ውስጥ አይዛትም፣ ያ ጉድለት የኛም ነው።

ስለ ድንጋዩ ሳልጽፍ አልተኛም። ጻርስኮዬ ሴሎ በተባለው የቤተ መንግሥት መናፈሻ ውስጥ ለሞሪያው ዘመቻ የቆመ ዐምድ አለ፤ ናቫሪኖ ለብርጋዲየር ጋኒባል እጇን እንደሰጠች ተቀርጾበታል። ፑሽኪን ከ1811 እስከ 1817 የተማረበት ሊሲየም ከዚያው አጠገብ ነው። ጓደኞቹ በጠጉሩና በፊቱ የሚቀልዱበት ልጅ በእረፍት ሰዓት ወደ መናፈሻው ወጥቶ የእናቱን ቤተሰብ ስም ተጽፎ ያነብ ነበር። በ1830 ፋዴይ ቡልጋሪን የተባለ ጋዜጠኛ፣ የባለቅኔው ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ ሩም የተገዛ ነው የሚል ስድብ ሲያወጣ፣ ፑሽኪን ስለ ትውልዱ በጻፈው ግጥም መለሰለት፤ የናቫሪኖውንም ጋኒባል እዚያው አነሣ። ስለ አብራም የጀመረው ልብ ወለድ ግን ሳያልቅ ቀረ፤ የ1827 ሥራ ነው፣ ባለታሪኩንም ኢብራሂም ነው ያለው። ጋኒባል ከሚለው ይልቅ ያለቀሰለትን ስም መረጠለት።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ዛሬ በፈረንጆቹ ሰኔ 6 ነው፤ ፑሽኪን በ1799 የተወለደበት ቀን። ከግጥሙ ለማንበብ ጋሼ ክፍል መጡልኝ። በሩስያኛ በቃላቸው ሲያነበንቡ ልጆቹ ትርጉሙ ሳይገባቸው አጨበጨቡ፤ ጋሼም ተርጉመው ቀስ ብለው ደገሙላቸው።

ከዚያ የተሸጡ ሰዎችን ስም አመጣሁ፣ ከኛ የሄዱትን። በ1548 ገደማ የተወለደ ቻፑ የሚባል የኛ አገር ልጅ ተሸጦ ባግዳድ ሲደርስ ጌታው አምበር አለው፤ ሕንድ ገብቶ ማሊክ አምበር ተብሎ የአሕመድናጋርን መንግሥት በእጁ አዞረ፣ በ1626 ሲሞት የሙጋል ነገሥታት እፎይ አሉ። በዚያው በስም ነጠቃ መንገድ ያለፈ ሌላም አለ፤ በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በ1872 ሲጠመቅ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ባለው ባሪያ ስም ኦኔሲሞስ የተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ። ከወላጆቹ ያገኘው ስም ግን ሂካ ነበር።

«ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው» አለ ወላጆቹ ከመቱ የመጡ አንድ ተማሪ፣ እጁን ሳያወጣ። ክፍሉ ዞሮ አየው። ሰውየው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ እንደተረጎመ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ብዙ እንደሠራ፣ መጽሐፉም በ1899 እንደታተመ ነገርኳቸው። ልጁ ለራሱ የተሰጠ ስጦታ ያህል ፊቱ በራ።

1899 አኑቺን ስለ ራስ ቅል የጻፈበት ዓመት ነው። ጋሼ ይህን እንደሰሙ ቀና ብለው አዩኝ፤ ስለ እሑዱ ክርክራችን ግን ምንም አላሉም። ሲወጡ «የኛማንኩን መጽሐፍ በፈረንሳይኛ የሚያነብልን ሰው ፈልጊ፤ እኔ ደግሞ ሩስያኛውን አመጣለሁ» አሉኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ዕቅዱን ማታ ጀመርኩ። አብራም፣ አምበር፣ ሂካ በአንድ ሳምንት ይገባሉ። ኢቭዶኪያና አስቴርም ይኖራሉ። ከፈረንሳይኛ አስተማሪያችን ጋር ሰኞ እነጋገራለሁ።